የፕራክሪቲ መጠይቅሽ ምን እየለካ ነው?

ጥያቄ፦ «ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ የኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ርዕስ በሕንድ ባህላዊ ሕክምና በአዩርቬዳ ፕራክሪቲ በሚባለው የሰውነት ተፈጥሮና በዓይነት 2 የስኳር በሽታ መካከል ስላለው ግንኙነት ነው። ከኢንተርኔት ያገኘሁትን 30 ጥያቄ ያለው መጠይቅ 200 የስኳር ሕሙማንን ላስሞላ አስቤያለሁ። በ20 ሰዎች ላይ ሞክሬው ክሮንባክ አልፋው 0.81 መጣ። ጊዜ ካገኘሁ ወደ አማርኛ ተርጉሜ እዚህ ያሉ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችንም እጨምራለሁ። ፕራክሪቲ በዲኤንኤ የተረጋገጠ ስለሆነ መጠይቁን እንደገና መፈተሽ አያስፈልግም ብዬ ነው የማስበው። ልክ ነኝ?»

ልክ አይደለሽም። አልፋው 0.81 መሆኑ መጠይቁ ፕራክሪቲን እንደሚለካ አያሳይም። ሕሙማንን ከጠየቅሽ ደግሞ የምታገኚው መልስ የተፈጥሯቸው ይሁን የሕመማቸው መለየት አትችይም። የዲኤንኤው ጥናትም አንቺ ባሰብሽው መንገድ አያግዝሽም። አንድ በአንድ እንሄድበታለን። ምክሬን ግን ከወዲሁ ልንገርሽ፤ ርዕሱን ቀይሪው። መረጃ መሰብሰብ ስላልጀመርሽ አሁንም ጊዜ አለሽ።

መጀመሪያ ፕራክሪቲ ምን እንደሆነ እንያዝ። በአዩርቬዳ ትምህርት የሰውነትን ሥራ የሚመሩ ሦስት ዶሻዎች አሉ፤ ቫታ፣ ፒታ እና ካፋ። ሦስቱም በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ አሉ። የሚለያየው ድርሻቸው ነው። ሱሽሩታ ሳምሂታ የተባለው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ ይህ ድርሻ የሚወሰነው ገና በፅንስ ጊዜ፣ የአባትና የእናት ዘር ሲገናኝ ነው ይላል። ከዚያ ወዲያ ሰውየው እስኪሞት አይለወጥም። አንድ ዶሻ የጎላባቸው ሦስት፣ ሁለት ዶሻ የጎላባቸው ሦስት፣ ሦስቱም የተመጣጠኑበት አንድ፤ በድምሩ ሰባት ዓይነት ነው። ሰባት እንጂ ሦስት እንዳልሆነ ልብ በይ። አብዛኛው ሰው ደግሞ ቅይጥ ነው። «ቫታ ነህ»፣ «ፒታ ነህ» ብሎ የሚያበቃ መጠይቅ ከራሱ ከአዩርቬዳ ትምህርት ጋር አይሄድም።

እኛ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለብን። «አራቱ ባሕርያተ ሥጋ» ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው፤ እሳት፣ ውሃ፣ ነፋስ፣ መሬት። ስለዚህ ቫታን ነፋስ፣ ፒታን እሳት ብለን ቶሎ እንገላገላለን። አይገጥምም። አዩርቬዳ የሚቆጥረው አምስት ነው፤ ጠፈር ይጨመርበታል። ቫታ የነፋስና የጠፈር፣ ፒታ በዋናነት የእሳት፣ ካፋ የውሃና የመሬት ነው። ዶሻ የሚታወቀውም በባሕርዩ ነው። ደረቅ፣ ቀላል፣ ቀዝቃዛ፣ ሻካራ፣ ተንቀሳቃሽ የሚሉት የቫታ ናቸው። ትኩስና ስል የፒታ፣ ከባድ፣ ዝግተኛና ለስላሳ የካፋ ናቸው።

ይህን ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም። ጥሩ መጠይቅ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቻራካ ሳምሂታ የተባለው ሌላው ጥንታዊ መጽሐፍ በቪማና ክፍሉ ስምንተኛ ምዕራፍ ላይ ባሕርዩን ከምልክቱ ጋር አያይዞ ያስቀምጠዋል። ቫታ ደረቅ ስለሆነ ሰውየው ቀጭን ነው፣ ድምፁ ይሻክራል፣ እንቅልፉ ቀላል ነው። ተንቀሳቃሽ ስለሆነ መገጣጠሚያው፣ ዓይኑ፣ እጁ እረፍት የለውም። ፈጣን ስለሆነ ቶሎ ይጀምራል፣ ቶሎ ይደነግጣል፣ ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎም ይረሳል። ቀዝቃዛ ስለሆነ ብርድ አይችልም። ፒታ ትኩስ ስለሆነ ሙቀት አይችልም፤ ረሃብና ጥም ይበረታበታል፣ ቶሎ ይሸብታል፣ ይመለጣል። ካፋ ዝግተኛ ስለሆነ አካሄዱም አበላሉም የረጋ ነው። ረሃቡ፣ ጥሙ፣ ላቡ ትንሽ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ከየትኛው መጽሐፍ፣ ከየትኛው ባሕርይ እንደመጣ ማሳየት የመጀመሪያው የምርምር መስፈርት ነው። አንቺ ያገኘሽው መጠይቅ ይህን ካላሳየ ማን እንደጻፈው፣ ከምን እንደቀዳው አታውቂም ማለት ነው። እዚያው መቆም አለበት።

አሁን ወደ ሕሙማኑ። አዩርቬዳ ሁለት ነገር ይለያል። ፕራክሪቲ የተወለድንበት ነው። ቪክሪቲ አሁን ያለው መዛባት ነው። መጠይቁን የሚሞላው ሰው ግን አሁን የሚሰማውን ነው የሚጽፈው። ስኳሩን ያልተቆጣጠረ ሰው ይጠማዋል። ይርበዋል። ይከሳል። ቆዳው ይደርቃል። ሌሊት ለሽንት ስለሚነሳ እንቅልፉ ይቆራረጣል። እስቲ ከመጠይቅሽ ጋር አስተያዪው። «ብዙ ይጠምሃል?» ለፒታ አንድ ነጥብ። «ቆዳህ ደረቅ ነው?» ለቫታ አንድ ነጥብ። «እንቅልፍህ ቀላል ነው?» ለቫታ ሌላ ነጥብ። በመጨረሻ «የስኳር ሕሙማን በብዛት ቫታ-ፒታ ናቸው» የሚል ግኝት ይዘሽ ትመጫለሽ። ያገኘሽው ግን የስኳር በሽታን ምልክቶች ነው። በሌላ ስም።

ከዚህ የሚብሰው ምን መሰለሽ? ማንኛውም ውጤት ቢመጣ ከጥንታዊ መጽሐፍ ድጋፍ ይገኝለታል። አዩርቬዳ ፕራሜሃ ብሎ በሚጠራው የሽንት በሽታ ሥር 20 ዓይነት ይቆጥራል፤ 10ሩ የካፋ፣ 6ቱ የፒታ፣ 4ቱ የቫታ ናቸው። ከስኳር በሽታ ጋር የሚመሳሰለው ማዱሜሃ፣ ማለትም ማር የመሰለ ሽንት፣ የሚመደበው ከቫታዎቹ ጋር ነው። ስለዚህ ካፋ በዛ ቢባል ልክ ነው ይባላል። ቫታ በዛ ቢባልም ልክ ነው ይባላል። ሊሳሳት የማይችል ግምት በምርምር ግምት አይባልም። ምን እንደምትጠብቂ መረጃ ከመሰብሰብሽ በፊት ጽፈሽ፣ ቀን አስገብተሽ ካላስቀመጥሽ፣ በኋላ የምትጽፊው ማብራሪያ ሁሉ ለውጤቱ የተሰፋ ልብስ ነው።

«ከመታመማቸው በፊት የነበረውን እጠይቃለሁ» ትይኝ ይሆናል። ብዙዎች ይህን ያደርጋሉ። የ55 ዓመት ሰው በ20 ዓመቱ ላቡ እንዴት እንደነበር ምን ያህል ያስታውሳል? ከዚያም አልፎ ዕድሜ ራሱ አለ። በአዩርቬዳ ልጅነት የካፋ፣ ጎልማሳነት የፒታ፣ እርጅና የቫታ ጊዜ ነው። ወቅትም አለ። ቫታ በዝናቡ ወቅት ይነሳል፣ ፒታ ከዝናቡ በኋላ፣ ካፋ ከብርዱ ወቅት በኋላ በሚመጣው ጸደይ ይነሳል። ስለዚህ ወጣት ጤነኞችን በአንድ ወር፣ አረጋውያን ሕሙማንን በሌላ ወር ብትጠይቂ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማንም ሊነግርሽ አይችልም። የመጠይቁን ቀን፣ ወቅቱንና የተጠያቂውን ዕድሜ መመዝገብ ትንሽ ነገር ይመስላል። ብዙ ጥናት ግን ይህን አይጽፍም።

ወደ አልፋው ልምጣ፤ በጣም የሚምታታው እሱ ነው። ክሮንባክ አልፋ የሚነግርሽ ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው አብረው መሄዳቸውን ነው። ሌላ ምንም አይነግርሽም። አንዱን ጥያቄ በአምስት አነጋገር ደጋግመሽ ብትጠይቂ አልፋው ከፍ ይላል። መጠይቁ ግን አልተሻሻለም። ደግሞ የ30ውን ጥያቄ አንድ ላይ ነው ያሰላሽው ብዬ እገምታለሁ። የቫታ ጥያቄና የካፋ ጥያቄ የሚለኩት ተቃራኒ ነገር ነው። አንድ ላይ ተሰልተው የሚሰጡት አልፋ ትርጉም የለውም። ለየዶሻው ለብቻው መሆን አለበት። ከዚህም የከፋ ነገር አያለሁ። መጠይቁ «ሀ፣ ለ፣ ሐ» ምርጫ ያለው ከሆነና አንቺ ኮምፒውተር ላይ 1፣ 2፣ 3 ብለሽ ካስገባሽው፣ ቁጥሮቹ ስም ናቸው። ፒታ የቫታ እጥፍ አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ላይ የተሰላ አልፋ 0.81 ቢሆን 0.30 ቢሆን ምንም አይልሽም። ሃያ ሰው ደግሞ ለዚህ ስሌት በጣም ትንሽ ነው።

መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ሁለት ሐኪሞች፣ ሳይነጋገሩ፣ አንድን ሰው ቢመረምሩ አንድ ዓይነት ፕራክሪቲ ይሉታል? ያው ሐኪም ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ሰው ቢያይ ያንኑ ይላል? ፕራክሪቲ ዕድሜ ልክ የማይለወጥ ነው ከተባለ ሁለተኛው ጥያቄ የግድ መመለስ አለበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚለወጥ ውጤት የዕድሜ ልክ ነገርን እየለካ አይደለም።

ይህን የሚለካው ካፓ የሚባለው ስሌት ነው። ካፋ ከሚባለው ዶሻ ጋር እንዳይምታታብሽ፤ ይኼኛው በ«ፓ» ነው። በምሳሌ ላሳይሽ። 100 ሰዎች አሉ። ሁለቱም ሐኪሞች 40 ሰው ቫታ፣ 40 ሰው ፒታ፣ 20 ሰው ካፋ ብለው መደቡ። በ60 ሰዎች ላይ ተስማሙ። 60 በመቶ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው በዚሁ መጠን ቢመድቡ እንኳ በቫታ 16፣ በፒታ 16፣ በካፋ 4 ሰው ላይ ይስማማሉ። ድምሩ 36 ነው። ስለዚህ ከአጋጣሚ በላይ ያገኙት 24 ሰው ብቻ ነው። ከአጋጣሚ በላይ ሊያገኙት ይችሉ የነበረው ደግሞ 64 ነው። 24ን ለ64 ስታካፍይ 0.38 ገደማ ይመጣል። በ1977 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በወጣውና እስካሁን ብዙ ሰው በሚጠቀምበት አመዳደብ 0.41 እስከ 0.60 መካከለኛ፣ ከ0.61 በላይ ጠንካራ ነው። 0.38 ከመካከለኛም በታች ነው። በዚህ መጠን በሚስማሙ ሐኪሞች ሰው መድበሽ ከበሽታ ጋር ግንኙነት ብትፈልጊ፣ ግንኙነቱ ቢኖር እንኳ በስሕተቱ ብዛት ይደበዝዛል።

ይህ የፈጠራ ስጋት አይደለም። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት 15 የተመዘገቡ የአዩርቬዳ ሐኪሞች 20 ጤነኛ ሰዎችን እንዲመረምሩ አድርጎ ነበር። በልብ ምት፣ በምላስና በሰውነት ተፈጥሮ ምርመራ ላይ የነበራቸው መግባባት ከደካማ እስከ መካከለኛ ነበር። ይህን የማነሳው አዩርቬዳን ለማጣጣል አይደለም። በዘመናዊ ሕክምናም ሐኪሞች በብዙ የእጅ ምርመራ ላይ አይስማሙም። ልዩነቱ፣ ያለመስማማቱን መጠን ለክቶ፣ አሠራሩን አንድ ወጥ አድርጎ፣ እንደገና መለካት ነው። የፕራክሪቲ ምርምር ብዙ ጊዜ ይህን ደረጃ ዘሎ ወደ ደምና ወደ ዘረመል ይሮጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

ሐኪሞቹ ለምን አይስማሙም? አንዱ ቻራካን፣ ሌላው ሱሽሩታን፣ ሦስተኛው አሽታንጋ ህሪዳያ የተባለውን መጽሐፍ ተከትሎ ይማራል። የምልክቶቹ ዝርዝር አንድ አይደለም። አንዱ ለአካል ቅርጽ ትልቅ ክብደት ይሰጣል፣ ሌላው ለጠባይ። «ቀጭን» ሲባል ስንት ኪሎ ነው? «ብዙ ያወራል» ሲባል ከማን ጋር ሲነጻጸር? መልሱ ካልተጻፈ እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ያነጻጽራል። ቀጭን ሐኪም የሚያየው ቀጭንና ወፍራም ሐኪም የሚያየው ቀጭን ይለያያሉ።

የነጥብ አቆጣጠሩም የራሱ ጣጣ አለው። መጠይቁ 20 የቫታ ምልክትና 12 የካፋ ምልክት አለው እንበል። አንድ ሰው ከቫታ 10፣ ከካፋ 8 አገኘ። በድምር ቫታ ነው። በድርሻ ግን ከቫታው 50 በመቶ፣ ከካፋው 67 በመቶ ነው። ስለዚህ ካፋ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ መልስ፣ ሁለት ፕራክሪቲ። የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀምሽ አስቀድመሽ ካልጻፍሽ አንባቢው ምንም ማመን አይችልም። ሦስቱ ድርሻዎች ተደምረው 100 እንዲሆኑ ካደረግሽ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ሁለቱን ካወቅሽ ሦስተኛው ይታወቃል። ስለዚህ ሦስቱንም በአንድ ሪግሬሽን፣ ማለትም የእያንዳንዱን ነገር ተጽዕኖ ለይቶ በሚያሰላ ስሌት ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ቫታ «ጨመረ» ስትይ ሌላው የግድ ቀንሷል፤ ውጤቱ የየትኛው እንደሆነ አይለይም። አማካሪሽ ይህን ካላነሳብሽ የመመረቂያ ፈታኝሽ ያነሳዋል።

ስለ ዲኤንኤው። ያሰብሽው በ2015 የታተመውንና በሃይደራባድ የሚገኘው የሕዋስና ሞለኪውል ባዮሎጂ ማዕከል የተሳተፈበትን ጥናት ይመስለኛል። 3,416 ጤነኛ ወንዶች ተመረመሩ። ከነሱ ውስጥ አንዱ ዶሻ በግልጽ የጎላባቸው 262 ብቻ ለዘረመል ትንተና ተመረጡ። በሦስቱ ቡድኖች መካከል የሚለያዩ 52 የዘረመል ምልክቶች ተገኙ፤ ፒጂኤም 1 የሚባለው ዘረመል ከፒታ ጋር ተያይዞ ወጣ። ከዚያ በፊትም በ2008 እና በ2010 የዴልሂ ተመራማሪዎች በሦስቱ ጽንፍ ዓይነቶች መካከል የዘረመል አሠራር ልዩነት አሳይተዋል። የ2010ሩ ከከፍታ ቦታ ጋር ከመላመድ ጋር የተያያዘ ዘረመል ላይ ነበር። እነዚህ ቁም ነገር ያላቸው ሥራዎች ናቸው። በትክክል የሚሉት ግን ይህን ነው፤ በጥንቃቄ የተመረጡ፣ ጽንፍ የያዙ ቡድኖች በአማካይ ይለያያሉ። የአንድን ቅይጥ ሰው ፕራክሪቲ በደም ማወቅ ይቻላል አይሉም። የ2015ቱ ጥናት ወንዶች ብቻ ስለተካተቱበት ስለ ሴቶች ምንም አይልም። ያንቺን መጠይቅማ ጨርሶ አላዩትም። ከ3,416 ሰው 262 ብቻ መመረጡ ራሱ ነገሩን ያስረዳሻል፤ የቀሩት እንዳንቺ ተጠያቂዎች ዓይነት ሰዎች ናቸው።

በኮምፒውተር ትንበያ የሚመጣውንም እንዲሁ ተጠንቀቂ። አንድ ፕሮግራም ፕራክሪቲን 95 በመቶ በትክክል ይለያል ሲባል፣ «ትክክል» የተባለው ከየት መጣ ብለሽ ጠይቂ። ከዚያው መጠይቅ ከመጣ ፕሮግራሙ የተማረው የመጠይቁን የነጥብ አቆጣጠር ነው። ክብ ነው፣ ዞሮ እዚያው።

ብዛትም አያድንም። የሕንድ መንግሥት ከኅዳር ወር 2024 ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ 2024 ባደረገው አገር አቀፍ የፕራክሪቲ ምርመራ ዘመቻ ከ12.9 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በስልክ መተግበሪያ ተመርምረዋል። አምስት የጊነስ ክብረ ወሰን ተመዝግቦበታል። ሰውን ስለ ጤናው እንዲያስብ ማድረጉ መልካም ነው። ጥያቄው ግን አልተለወጠም። መለኪያው ያንኑ ሰው ሁለት ጊዜ ለክቶ አንድ መልስ ካልሰጠ፣ አንድ ሺህ ሰው ቢለካም አንድ ሚሊዮን ቢለካም ስሕተቱ አብሮ ይባዛል።

የአማርኛው ትርጉም ሐሳብሽ ያስደስተኛል፤ በዚህ ጥናት ውስጥ ግን ተይው። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ። አንድ ጊዜ ብርድ የመቋቋም አቅምን የሚጠይቅ መጠይቅ ወደ አማርኛ ተመልሶ ሲሞከር አብሬ ነበርኩ። ጥያቄው «ብርድ ይመታዎታል?» ተብሎ ነበር። ለአንድ አባት አነበብኩላቸው። «አዎ ልጄ፣ ባለፈው ክረምት መትቶኝ ወገቤን ይዞኝ ነበር» አሉኝ። እሳቸው የመለሱት ስለ ሕመም ነው። እኛ የጠየቅነው ስለ ተፈጥሮ ነው። በወረቀቱ ላይ ግን «አዎ» ተብሎ ተመዘገበ። የቫታን ደረቅነት ደግሞ አስቢው። «ደረቅ ሰው ነህ?» ብለሽ ብትጠይቂ ሰውየው ግትር ነህ ወይ እንዳልሽው ነው የሚሰማው። «ቀዝቃዛ ነህ?» ስትይው ስለ ጠባዩ ይመልስልሻል። ቃል በቃል መተርጎም እዚህ ላይ ጉዳት አለው። ሁለት ሰው ለየብቻ ይተረጉመዋል፣ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰዋል፣ ከዚያ አሥር አሥራ አምስት ሰው ቁጭ ብሎ «ይህን ጥያቄ ስትሰማ ምን ታሰበህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ወራት ይፈልጋል።

ከቋንቋው በላይ ደግሞ የጥያቄዎቹ ይዘት አለ። ብዙ መጠይቆች ሻካራና ጥቅል ጸጉርን ለቫታ፣ ቀላ ያለ ቆዳን ለፒታ ይሰጣሉ። በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ላይ ይህን ብታደርጊ ክፍሉ በሙሉ ገና በጸጉሩ ቫታ ይሆናል፤ የፒታን ነጥብ የሚያገኝ ሰውም ይጠፋል። ሰዎችን የማይለይ ጥያቄ ጥያቄ አይደለም። የሚገርመው ቻራካ ራሱ ይህን ያውቃል። በኢንድሪያ ክፍሉ የሰው ተፈጥሮ በዘር፣ በቤተሰብ፣ በአገር፣ በዘመን፣ በዕድሜና በግል ማንነት እንደሚለያይ ጽፏል። ማነጻጸሪያው የሰውየው የራሱ ወገን መሆን አለበት ማለት ነው። የዛሬው መጠይቅ ከጥንቱ መጽሐፍ ያነሰ ጥንቃቄ ማድረጉ ያሳዝነኛል።

ታዲያ ምን ምርጫ አለሽ? አንደኛው አዲስ መጠይቅ መሥራት ነው። በሁለተኛ ዲግሪ ጊዜ አይደረስበትም፤ እርሺው። ሁለተኛው የተፈተነ መለኪያ መጠቀም ነው። በኒው ዴልሂ የሚገኘው የአዩርቬዳ ሳይንስ ምርምር ማዕከላዊ ምክር ቤት የራሱን የፕራክሪቲ መለኪያ ከነአሠራር መመሪያው አዘጋጅቷል። እዚያው አንቺ ባለሽበት ፑኔ ደግሞ ሲዳክ የተባለው የመንግሥት የኮምፒውተር ማዕከል የሠራው አዩሶፍት የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። የ2015ቱ ጥናት ሐኪሞችንና አዩሶፍትን አብሮ ተጠቅሟል። ከኢንተርኔት ከተገኘ ወረቀት ሁለቱም ይሻላሉ። ገደባቸውን ግን እወቂ። በሰለጠነ የአዩርቬዳ ሐኪም እንጂ በተማሪ የሚሞሉ አይደሉም፤ ፈቃድም ያስፈልጋል፤ ለሕንድ ሕዝብ ነው የተዘጋጁት። ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ዋቢ የሚሆን የደም ወይም የራጅ ምርመራ የለም። ስለዚህ ማንኛውም የፕራክሪቲ መለኪያ «ትክክል ነው» ሊባል አይችልም። ሊባል የሚችለው «ይህን ያህል ይደጋገማል፣ ሐኪሞች ይህን ያህል ይስማሙበታል» ነው።

ሦስተኛው ምርጫ እኔ የምመክርሽ ነው። ስኳሩን ተይው። የመግባባቱን ጥናት ራሱን መመረቂያሽ አድርጊው። ፑኔ የአዩርቬዳ ኮሌጆች ያሉባት ከተማ ናት። ቢኤኤምኤስ የሚባለው የአዩርቬዳ ሕክምና ዲግሪ ያላቸው፣ የተመዘገቡ፣ ከአንድ በላይ ኮሌጅ የወጡ ሦስት ሐኪሞች ፈልጊ። ከ20 እስከ 35 ዓመት የሆኑ 100 ጤነኛ ሰዎች ውሰጂ፤ ሴትና ወንድ እኩል። መቶ ካልተቻለ ከ50 አትውረጂ። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ መድኃኒት የሚወስድ አይግባ። ሐኪሞቹ ከመጀመራቸው በፊት በመመሪያው ላይ አብረው ይሠልጥኑ። ከዚያ ለየብቻ ይመርምሩ፤ አንዱ የሌላውን ውጤት አይይ። ቅደም ተከተሉ በዕጣ ይሁን። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ወቅቱ ሳይቀየር፣ ያንኑ ሰው ደግመው ይዩት፤ የመጀመሪያው ወረቀት አይሰጣቸው። በምድብ ለሰጡት መልስ ለሦስት መርማሪ የሚሆነውን የፍላይስ ካፓ፣ በፐርሰንት ለሰጡት ነጥብ ደግሞ የቁጥር መልሶች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ የሚለካውን ኢንትራክላስ ኮሪሌሽን አስዪ። ከነግምት ወሰናቸው ጻፊያቸው። ከሁሉም በላይ የትኞቹ ጥያቄዎች ላይ እንደሚስማሙ፣ የትኞቹ ላይ እንደማይስማሙ ለየብቻ አውጪ። የሚጠቅመው እሱ ነው። መገጣጠሚያ የሚንቋቋበት ሰው ላይ ይስማሙና «ጠባዩ ስል ነው» የሚለው ላይ ይለያዩ ይሆናል። ያን ያወቀ ሰው ቀጣዩን መጠይቅ ማስተካከል ይችላል።

ካፓው ዝቅ ብሎ ቢወጣስ? እንዳትደናገጪ። ዝቅተኛ ውጤት በደንብ ከተለካ ሊታተም የሚገባው ነው። ከስኳር ሕሙማን ላይ ከተሰበሰበ፣ ማንም ሊደግመው ከማይችል ግንኙነት የበለጠ ዋጋ አለው። ፈተና ላይም ይሄን መከላከል ይቀልሻል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለተሳታፊዎቹ ውጤታቸውን እንደ ምርመራ አትንገሪ። «አንተ ካፋ ስለሆንክ ስኳር ይይዝሃል» የሚል ቃል ከአንድ ተመራማሪ አፍ ሲወጣ ሰው ያምነዋል፤ ይጨነቃል፣ ወይም በተቃራኒው ተዘናግቶ ምርመራ ይተዋል። መድኃኒቱን የሚያቆምም አለ። በፈቃድ ቅጹ ላይ ይህ ጥናት የማንንም ሕክምና እንደማይለውጥ በግልጽ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ተሳታፊዎች «ለፕራክሪቲዬ የሚሆን መድኃኒት ንገሪኝ» ማለታቸው አይቀርም። አትንገሪ። በ2004 በወጣ ጥናት ቦስተን አካባቢ ሱቆች ውስጥ ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ ነበረባቸው። ምን እንዳለበት ያልተመረመረ ዱቄት እንዲገዙ ምክንያት መሆን የለብሽም።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። ለአማካሪሽ የአንድ ገጽ የለውጥ ሐሳብ ጻፊ፤ አሮጌው ርዕስ ለምን እንደማይሠራ በሕሙማኑ ምልክት ምሳሌ አስረጂ። ለመለኪያው ፈቃድ ደብዳቤ ዛሬውኑ ላኪ፤ መልሱ ሊዘገይ ይችላል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማመልከቻሽን በአዲሱ ርዕስ አስተካክለሽ አስገቢ። ያ 20 ሰው የሞላውን መጠይቅ ደግሞ አትጣዪው። የትኛው ጥያቄ ላይ ሰው እንደተምታታ፣ የትኛውን እንደዘለለው፣ የትኛው ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ እንደሰጠ ቁጠሪና ከማመልከቻው ጋር አያይዢው።